አሥራ ስምንት ዓመት የዘገየ መርዶ

ሐሙስ ጠዋት፣ ደብረ ታቦር

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ወደ ገሳይ ተሳፈርኩ። ሃያ አምስት ብር በእጅ ይከፈላል። ያስነሣኝ በቦርሳዬ ውስጥ ያለ አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የጎደለውን ለመሙላት ነበር የምሄደው።

ሥራዬ ሬዲዮና የእጅ ስልክ መጠገን ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያገኘሁት በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሚለፈልፉት ሬዲዮኖችና ከከተማችን ማንበቢያ ቤት ነው። በማንበቢያ ቤቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ስምንት ሰዎች አለን። ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ከኤርትራ ጋር ያለው ድንበር ሲከፈት ሰባቱ ተጣሉ። ግማሾቹ፣ በሕይወት የሌሉት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር በውጭ ጉዳይ ብልህ ነበሩ አሉ፤ ግማሾቹ አገር አሳልፈው ሰጥተዋል አሉ። እኔ ዝም ስላልኩ አመዛዝኜ እንድጽፍ መረጡኝ።

ጻፍኩ። ጦርነቱን፣ በአልጀርስ የተፈረመውን ስምምነት፣ የድንበር ዳኞቹን ውሳኔ፣ ከዚያም የመጣውን ጦርነትም ሰላምም ያልነበረበትን ረጅም ዘመን በየተራ አስቀመጥኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሰውየው ብልህ ነበሩ አልኩ፤ ኃያላኑን ከጎናቸው አሰልፈው፣ ጎረቤታቸውን ነጥለው፣ ጊዜ ገዙ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሞላ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፦

«ልጄ፣ ጽሑፍህ ንጹሕ ነው። ጭቃ የነካው ሰው ግን አንድም የለበትም» አሉኝ። በዚያ ጦርነት የነበረ፣ አሁን ገሳይ ላይ ወፍጮ ያለው የአንድ ዘመዳቸውን ስም በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ አስር አለቃ ደሴ።

መኪናው ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ እኔ የቆጠርኩት አሥራ ዘጠኝ ነው። ከከተማው ስንወጣ ማሳው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ነበር፤ ጤፉ ገና ነው፣ ገብሱ ወደ መንጣቱ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎታል። ሬዲዮው ስለ ድንበሩ ያወራል፤ ሃያ ዓመት ተለያይተው የኖሩ ቤተሰቦች ተገናኙ ይላል። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ታረቁ ነው የሚለው?»

«ታርቀዋል አባቴ» አለ የጨው ነጋዴ መሆኑን ቀደም ብሎ የነገረን ሰው። «ከእንግዲህ መንገዱ ክፍት ነው።»

«ማን አስታረቃቸው?»

«እነሱው ናቸው። ሽማግሌም አላስፈለጋቸው።»

«አይ እንግዲህ! ያለ ሽማግሌ የታረቀ ባልና ሚስት እንኳ አይበረክት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነጋዴው ግን አልሳቀም፤ «አባቴ፣ አያሟርቱብን፤ ሥራ ልንሠራበት ነው» አለ። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ሦስት ሰው ወርዶ አምስት ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ በስተቀኝ የጉና ተራራ መታየት ነበረበት፤ እስከ ወገቡ ጉም ስለ ለበሰ ያየሁት እግሩን ብቻ ነው።

ገሳይ

ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ድምፁ ከመንገድ ይሰማል። አስር አለቃ ደሴ አርባዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን ሰው ነው። ዱቄቱ ቅንድቡንና ሽፋሽፍቱን አንጥቶታል። ከየት እንደ መጣሁ ነግሬው «እርስዎን ለመጠየቅ ነው» ስለው ሳቀ።

«አንቱታውን ተው። ያረጀሁት በዱቄት ነው፤ ስታጠብ ልጅ ነኝ።»

ደንበኛ እስኪቀንስ ጠበቅሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሞተሩን አጠፋና ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠን ሽሮ በላን። ከጽሑፌ የመጨረሻውን ገጽ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ጎረቤትን ነጥሎ ማስቀመጥ የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ቆይ። ጎረቤትህን በቤቱ ስትዘጋበት አንተ የት ትሆናለህ?»

«የት?»

«በሩ ላይ ነዋ! ጠመንጃ ይዘህ። እሱም አይወጣ፣ አንተም አትሄድ። ይኼን ብልሃት ትለዋለህ? የወዲያኛውም ሰውዬ እኮ አይሻልም፤ እሱም ከውስጥ ሆኖ በሩን ይዞታል። ሁለት ሰዎች አንድ በር ይዘው ሃያ ዓመት።»

ከዚያ ስለ መንደሯ አነሣን። ሁሉ ነገር የተጀመረው በባድመ ነው። ወታደሩ በደሙ አስለቀቃት፤ ጦርነቱም ሁለት ዓመት ቆየ። ከዚያ መሪው ዳኞች የሚሉትን ሁሉ ይግባኝ ሳልል እቀበላለሁ ብለው ፈረሙ። ዳኞቹ ሲወስኑ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪዎቻችን አሰልፈው ወደ አደባባይ አወጡን፤ ባድመ ለእኛ ተፈረደች ተባለ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እውነቱ ሌላ ነበር፤ የተፈረደችው ለወዲያኛው ነው። ለማስተካከያው ግን አደባባይ የጠራን የለም። ከጊዜ በኋላ መሪው ፍርዱን በመርህ ተቀብለነዋል አሉ፤ መንደሯንም ሳያስረክቡ፣ ሰላሙንም ሳያወርዱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ።

«እኔም ጨፍሬያለሁ» አለ አስር አለቃ። «እዚያች ዛፍ ሥር። የሞቱብኝን የጦር ጓዶች ስም እየጠራሁ ነው የጨፈርኩት፤ 'ተፈረደላችሁ' እያልኩ።»

ቀጥሎ ሊናገር ሲል አንዲት ሴትዮ ገቡ። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። አንድ ቁና የሚያህል የተቆላ ገብስ በስልቻ አዝለዋል።

«ደሴ፣ በሶዬን አላምልኝ። የሩቅ መንገድ ነው።»

«ወዴት ነው እትዬ?»

«አልሰማህም? ድንበሩ ተከፈተ አይዶል። ዳልቻውን በሬ የሚወስድልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ለመሳፈሪያ ይሆነኛል። ሂጄ ላምጣው እንጅ፣ ማን ያመጣልኛል?»

«አዝመራውን?»

«ሌላ ማን አለኝ እዚያ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ ነው። ተማርኮ ነው። ሄዶ ሲቀር ልክ እንዳንተ ነበር፤ ጢም እንኳ አላወጣም።»

አስር አለቃ ሞተሩን አስነሥቶ ገብሱን ሁለት ጊዜ አሳለፈው። ቀና ብሎ አላያቸውም። ሴትዮዋ ስልቻቸውን ተሸክመው ከሄዱ በኋላ ወረፋ የያዙ ሰዎች እያጉረመረሙ ሞተሩን አጠፋና በሩን ገርበብ አደረገው።

«እማማ ማንጠግቦሽ ናቸው» አለኝ። «ልጃቸው አዝመራው አጠገቤ ነው የሞተ።»

የነገረኝ ይኼን ነው። ከጦርነቱ እንደ ተመለሰ፣ በወጉ ለሴትዮዋ የንስሐ አባት ለቄስ አድማሱና ለመንደሩ ሽማግሎች ነገራቸው። በአገራችን የልጅን ሞት ለእናት ድንገት አይነግሩም፤ ዘመድና ጎረቤት ንጋት ላይ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳ። ሽማግሎቹ «እኛ እናረዳታለን፣ አንተ ዝም በል» አሉት። ዝም አለ። እሳቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ልጄን አይተኸዋል ወይ ብለው ጠይቀውታል። ሁለት ጊዜ ሌላ ክፍለ ጦር ነበርኩ ብሎ መልሷል። እህላቸውን ግን እስከ ዛሬ የሚፈጭላቸው እሱ ነው።

«በሬያቸውን ሳይሸጡ ይነገራቸው» አልኩት።

«ታዲያ ነገ አብረን እንውጣ» አለኝ። «የአንተን ሰውዬ መዝነን የምንጨርሰው ከዚያ በኋላ ነው።»

ዓርብ፣ ወደ ጅብራ ሜዳ

መንደሩ ጅብራ ሜዳ ይባላል። ከገሳይ በእግር ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ ለአስር አለቃ ብቻውን ቢሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መጀመሪያ የስንዴና የባቄላ ማሳ ነው፤ ከፍ ሲሉ ገብስና ድንች ብቻ ይቀራል። ከዚያ በላይ የጓሳው ሣር ይጀምራል፤ በመካከሉ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እንደ ቆመ ሰው ተራርቀው ይታያሉ። ነፋሱ አፍንጫ ያደማል። በመንገድ ያገኘን ገበሬ ሁሉ አስር አለቃን ያውቀዋል፤ «ወፍጮውን ለማን ጥለህ መጣህ?» ይሉታል። እሱም «ለአይጦቹ» ይላል።

ቄስ አድማሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው አገኘናቸው። የመጣንበትን ሲሰሙ መስቀላቸውን ለመሳለም ያቀረብኩትን ግንባሬን ረስተው ቆዩ።

«ልጄ፣ ያኔ ማንጠግቦሽ ሴት ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች» አሉ፣ አስር አለቃን ሳይሆን እኔን እያዩ። «አራስ አይረዳም። አራስነቷ አልቆ ክረምቱ ሲወጣ ልንነግራት ስንል ባሏ ሞተ። ሐዘን በሐዘን ላይ አይጫንም። ዓመቱ ሲያልፍ ልጅቱ ታመመች። ከዚያ አንድ ቀን ራሷ መጥታ 'አባ፣ ተማርኮ ይሆን?' አለችኝ። እኔ 'እግዚአብሔር ያውቃል' አልኳት። ኃጢአቴ ያች ናት።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ ሰላም ሲወርድ ይነገራታል ተባባልን። የተማረከ እንዳለ፣ የጠፋ እንዳለ ማን ያውቃል በሚባልበት ጊዜ እርግጡን መናገር ጭካኔ መሰለን። ሰላሙ ነው የዘገየ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ። «በየዓመቱ ስለ ጤናው ጸልዩልኝ ብላ ጧፍ ታመጣለች። እኔ ጧፉን ተቀብዬ ስሙን ከሙታን ጋር እጠራዋለሁ።»

ጽሑፌ በቦርሳዬ ነበር። መሪው ጊዜ ገዙ ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ከማን እንደ ገዙት አልጠየቅሁም ነበር።

መርዶው ለቅዳሜ ንጋት ተቆረጠ። ቄሱ ለዘመዶቹ ሊልኩ ሄዱ። እስከዚያ ሴትዮዋ እንዳይጠረጥሩ አስር አለቃ ከቄሱ ቤት እንዳይወጣ፣ እኔ ደግሞ በመንደሩ ሬዲዮ ልጠግን የመጣሁ እንድመስል ተስማማን። መፍቻና ሽቦ ከቦርሳዬ አይለዩም፤ ይኼ የእኔ ሐሳብ ነበር። ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሬዲዮ ከጠገንኩ በኋላ ሦስተኛዋን ይዘው የመጡት እማማ ማንጠግቦሽ ሆኑ። ገሳይ ላይ ያዩኝ መሆኑን አውቀው ደስ አላቸው፤ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሬዲዮዋ አዲስ ናት፤ የባትሪው ሽቦ ብቻ ተነቅሎ ነበር። እኔ ሽቦውን መልሼ ስቀጥል እሳቸው በሶውን ጨው እየጨመሩ በከረጢት ይቋጥራሉ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ጥሩ የምትባል ልጃቸው ከጓሮ ድንች ትለቅማለች።

በእኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው የሚረዳውን ሰው እህል አይቀምስም። ይኼን ልማድ ማንም አላስተማረኝም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እማማ ማንጠግቦሽ ዓርብ ቢሆንም «መንገደኛ አይጾምም» ብለው እርጎ አቀረቡልኝ።

«ጽጌን እጾማለሁ» አልኩ።

«ተባረክ! በዚህ ዕድሜህ?» አሉና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አመጡ። «ይኼስ የጾም ነው።»

«ሰዓት አልደረሰም እማማ።»

ሬዲዮዋ መናገር ጀመረች። ስለ ድንበሩ ነበር የምትናገረው፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አሰማች። እማማ ማንጠግቦሽ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ዜናው ሲያበቃ ፀሐዩን አዩና፦ «በል፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ጾሙም ተፈታ፤ ብላ» አሉኝ።

«ሆዴን አሞኛል» አልኩ።

ድንቹን በቅጠል ጠቅልለው በቦርሳዬ ኪስ ከተቱልኝ። ለጥገናው ሲከፍሉኝ አልቀበልም አልኩ። በሩ ላይ ቆመው፦ «ደህና ልጅ ነህ። ምን እንደ ሆንክ ግን አላውቅም» አሉኝ።

ቅዳሜ ንጋት

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሃያ ስድስት ሰው በእማማ ማንጠግቦሽ ደጅ በዝምታ ተቀምጧል። ጋቢ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ውሻው አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሰዎቹን ሁሉ ስለሚያውቃቸው ዝም አለ።

በሩ ተከፈተ። እማማ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ሳይደርቡ ወጡና ቆሙ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ቄስ አድማሱ ተነሡ። «ማንጠግቦሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አዝመራው አርፏል።»

ጥሩ ከውስጥ ጮኸች። ሴቶቹ እሷን ተከትለው ዋይታ ሲጀምሩ እማማ ማንጠግቦሽ እጃቸውን አነሡ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ዋይታው ከመሀል ተቆረጠ።

«መቼ?»

አስር አለቃ ደሴ ከኋላ ተነሥቶ መጣ። «በዚያው ጦርነት እትዬ። በግንቦት ሚካኤል ማግስት፣ ረፋድ ላይ። አጠገቤ ነበር።»

«አጠገብህ? ሌላ ክፍለ ጦር ነበርሁ ያልኸኝ አንተ አይዶለህም?»

«ዋሽቼዎት ነው።»

«ያኔ ነው የዋሸኸኝ ወይስ አሁን?»

እሳቸው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ ጧፌን ለምን አበሩት?»

«ለነፍሱ ነው ልጄ።»

«እኔ የሰጠሁዎት ለራሱ ነበር! በየዓመቱ። ተቀብለውኝ፣ መርቀውኝ።» ከሰዎቹ መካከል እኔን ፈልገው አገኙኝ። «ይኼ የከተማ ልጅስ? ጾመኛ ነኝ አለኝ፣ ሰዓት አልደረሰም አለኝ፣ ሆዴን አመመኝ አለኝ። ሦስት ውሸት በአንድ ቀን! ልጅሽ ሞቷል ትሉኝ እንደሆነ ዛሬ ለምን ሆነ? መንገዱ ሲከፈት? እስከ ትናንት ተማርኮ ነበር፤ ልሄድ ስል ሞተ?»

አንድ ሽማግሌ «ማንጠግቦሽ፣ ተቀመጭ፤ ይወጣልሽ፤ አልቅሽ» አሉ።

«አልቀመጥም። ሬዲዮው ይገናኛሉ ይላል። ሬዲዮው አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ሬዲዮዋን የገዟት በሐምሌ ነው፤ ሳጥኗም ገና አልተጣለም። ባድመ ተፈረደችልን ያለንም ሬዲዮ እንደ ነበር ልነግራቸው እችል ነበር። አስተማሪዎቻችንን፣ ሰልፉን፣ ጩኸቴን ልነግራቸው እችል ነበር። ግን በዚያ ደጅ ላይ እውነት ለመናገር መብት ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ድንቻቸው በቦርሳዬ ነበር።

«ሂዱ» አሉ። «ስንቄን ልቋጥር።»

ከሃያ ስድስቱ ሰዎች ቀድሞ የሚነሣ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ መቅለጥ ሲጀምር አንድ በአንድ ሄዱ። ረፋድ ላይ የበሬው ነጋዴ ገመድ ይዞ መጣ። ዳልቻው በሬ ወጣት ነው፤ ቀንዱ ወደ ፊት የወጣ፣ የዘንድሮን እርሻ የረታ በሬ። ጥሩ ቀንዱን ይዛ አልቀቅም ስትል እናትዮዋ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ።

መመለስ

ወደ ገሳይ ስንወርድ አስር አለቃ ከፊት ከፊት ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመና፦ «ያኔ ብናረዳት ኖሮ እስከ ዛሬ አልቅሳ፣ ተዝካሩን አውጥታ፣ ጥሩን ድራ ነበር። እኛ ለእሷ ብለን ነው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፦ «ለእሷ ብለን አይደለም። ሲነገራት ላለማየት ብለን ነው» አለ።

እሑድ ጠዋት ወደ ወልዲያ የሚሄደው አውቶቡስ ገሳይ ላይ የቆመው ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። እማማ ማንጠግቦሽ ከሌሊት ጀምረው ተጉዘው ደርሰዋል፤ ስልቻውን አዝለዋል፤ የአዝመራውን የስምንተኛ ክፍል ፎቶ በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ይዘዋል። ከወልዲያ መቀሌ፣ ከመቀሌ አዲግራት፣ ከዚያ ዛላምበሳ ብለው በቃላቸው ያጠኑትን ለሾፌሩ ነገሩት። ሾፌሩ ወልዲያ ድረስ ብቻ ነው የማውቀው አላቸው።

አስር አለቃ ደሴ ወፍጮ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤቱ ባለሱቅ ሲሰጥ አየሁት። ከኋላቸው ተሳፈረ። እሳቸው ዞረው አዩት፤ ስልቻቸውን ከጎን ካለው መቀመጫ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እሱ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ እኔ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ፈለግሁ።

ደብረ ታቦር አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ማኅበርተኞቼ ተሰብስበው ጠበቁኝ። አሥራ አንዱን ገጽ አላነበብኩላቸውም፤ ያየሁትን በቃሌ ነገርኳቸው። እኔ እንደዚያ ረጅም ስናገር ሰምተው ስለማያውቁ ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ከመሪው ደጋፊዎች አንዱ፦

«ወንድም ዓለም፣ ያሳዝናል። ግን ይኼ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው። የውጭ ግንኙነቱ የቱ ላይ ነው?» አለኝ።

የመለስኩለትን እዚህም እጽፈዋለሁ። መሪው በፍርድ ስለ ተረቱ አልወቅሳቸውም፤ አገር ይሟገታል፣ ይረታል። የምወቅሳቸው ፈርመው ስላልፈጸሙት፣ አለመፈጸማቸውንም ስላልነገሩን ነው። ድል አድርገናል ብለው አስጨፈሩን፤ ከዚያ እርግጡ የማይነገርበት ዘመን ከፈቱ። በዚያ ዘመን ውስጥ ሟችና ምርኮኛ አልተለዩም፤ እናቶች ጧፍ ገዙ፤ ቄስም ሽማግሌም ወታደርም «ሰላም ሲወርድ» እያሉ ዝም ማለትን ተማሩ። የወዲያኛው መሪ ወጣቱን ሁሉ በዚሁ ሰበብ በምሽግ አስረጅተዋል። የዛሬዎቹም ታረቁ እንጂ በምን ውል እንደ ታረቁ አልሰማንም። ውሉ ያልተነገረ ዕርቅ ያስፈራኛል።

«ታዲያ ብልህ ነበሩ የሚለውን ልትሰርዘው ነው?» አሉኝ ጋሽ ሞላ።

«አልሰርዘውም። ብልህ ነበሩ። ብልሃታቸው የማንን ዕድሜ እንደ በላ ነው የምጨምርበት።»

ደጋፊው ተናድዶ ወጣ። ተቃዋሚዎቹ ደስ ብሏቸው ትከሻዬን ሊመቱ መጡ፤ እነሱም ቢሆኑ ስለ እማማ ማንጠግቦሽ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንዱ ይኼ ነው፤ በመሪ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች በሁለቱም ወገን በሞተ ሰው ስም ሲጨፍሩ ይታያሉ። ሁለተኛው ስለ ራሴ ነው። ሦስት ጊዜ የዋሸሁት በደግነት ነው። የዘገየ እውነት ሲመጣ ውሸት መስሎ ነው የሚመጣ፤ እኔም መልኩን በመቀባት ረድቻለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስር አለቃ ደሴ ደወለልኝ። ከጀርባው የመኪና ጥሩንባና የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። ዛላምበሳ ነበሩ። የወዲያው መኪና ወደዚህ፣ የወዲህኛው ወደዚያ ይመላለሳል፤ የሚጠይቅ የለም አለኝ። እማማ ማንጠግቦሽ ከየመኪናው ለሚወርደው ሁሉ ፎቶውን ያሳያሉ።

«እኔን ምን ብለው እንደሚያስተዋውቁኝ ታውቃለህ? 'ይኼ የልጄ ጓደኛ ነው፤ ሞቷል ነው የሚለው፤ እናንተ ግን እዩልኝ' ይላሉ።»

«አይቼዋለሁ ያለ አለ?»

«አንዲት የወዲያ ሴትዮ የራሷን ልጅ ፎቶ አውጥታ አሳየችን። እሷም በዚያው ግንቦት የጠፋባት ነው። ቋንቋ አይግባቡም፤ ፎቶ ተለዋውጠው ያያሉ፤ አሁን ሁለቱ አብረው ከመኪና መኪና ይዞራሉ። እኔ ስንቁን ይዤ እከተላለሁ።» ቀጥሎ፦ «ወፍጮው ቆሟል። እስከ መቼ ልቆይ ትላለህ?»

ያሰብኩትን አልኩት። «እስኪያምኑን ድረስ አብረሃቸው ሁን።»

«እኛን?» አለኝ። «አሥራ ስምንት ዓመት የዋሸናቸውን?»